«ከሦስት ሰዓት በኋላ» መቼ ነው?

ባለፈው ክረምት የወጥ ቤቴ ቧንቧ ፈነዳ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለቧንቧ ሠራተኛ ደወልኩ። «ከሦስት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ» አለኝ። ውሃውን ዘግቼ፣ ወለሉን ወልውዬ፣ ልክ 3 ሰዓት ሲሆን ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። 3 ተኩል ሆነ፤ 4 ሆነ። ሰውየው በሩን ያንኳኳው 5 ሰዓት ላይ ነው።

ስወቅሰው ከልቡ ተገረመ። «ከሦስት ሰዓት በኋላ ብዬዎት አልነበር?» አለኝ። አሰብኩት። የደወልኩት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ሲጨመርበት 5 ይሆናል። አንዲት ደቂቃ አላሳለፈም።

እኔ የሰማሁት የሰዓቱን ስም ነው። እሱ የተናገረው የሚቆይበትን ልክ ነው። ሁለታችንም ትክክል ነበርን።

ይህ የአማርኛ ጉድለት አይመስለኝም። የፊዚክስ ሊቃውንትም እነዚህን ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ካልለዩ ስሌታቸው ይበላሻል። ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው ሰዓትና ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ሁለቱን ለይተው ለመያዝ የሚጠቀሙበት ብልሃት አላቸው። ዛሬ ያንን ብልሃት እንፈታታው። የግድግዳ ሰዓት፣ ስልክ፣ አንድ ቁልፍና ክር አዘጋጁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንያዘው። «ሰዓት» ሦስት ሥራ የደረበ ቃል ነው። «ሰዓቴ ቆመ» ስንል ዕቃውን ነው። «ስንት ሰዓት ነው?» ስንል አሁን የቱ ጋ እንደደረስን መጠየቃችን ነው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስንል ደግሞ ርዝመት መጠየቃችን ነው። «ስንት ሰዓት» የሚለው አልተለወጠም፤ ትርጉሙን የለወጠው መጨረሻ ላይ የመጣው ግስ ነው።

ዕቃውን ለጊዜው ግድግዳው ላይ እንተወውና የቀሩትን ሁለቱን ስም እናውጣላቸው። «አሁን 3 ሰዓት ነው» ሲባል ያለውን *ነጥብ* እንበለው። «ሦስት ሰዓት ፈጀ» ሲባል ያለውን *ቆይታ* እንበለው።

ነጥብ እንደ ሰፈር ነው፤ ስም አለው። እናቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። «ለሚካኤል እመጣለሁ»፣ «ከማርያም በፊት እጨርሳለሁ» ይላሉ። ሚካኤል 12 ነው፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21። በወሩ መንገድ ላይ የቆሙ ምልክቶች ናቸው። ቆይታ ግን ስም የለውም፤ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ያለው ርቀት ነው። ከሚካኤል እስከ ገብርኤል ሰባት ቀን ነው። ለዚህም ነው በአንድ ወር ውስጥ ሚካኤል ማክሰኞ ከዋለ ገብርኤልም ማክሰኞ የሚውለው። አቦም በወሩ 5ኛ ቀን ስለሚውል ከነሱ አይለይም።

አሁን ወደ ግቢያችሁ ውጡና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ።

ቆጣሪው ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ 1,482 ይበል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምን ይነግራችኋል? ምንም። ምን ያህል ውሃ እንደተጠቀማችሁ አይናገርም፤ ቤቱን የተከራያችሁት ባለፈው ወር ሊሆን ይችላል። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ 1,482 ብሎ ይጽፋል፣ ያለፈው ወር ንባብ 1,470 ነበር፣ ሲቀነስ 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ክፍያ የሚጠየቀው በ12ቱ ነው። በ1,482 የሚያስከፍል የለም።

ንባቡ ነጥብ ነው፤ ፍጆታው ቆይታ ነው። የጊዜም ነገር ልክ እንዲሁ ነው።

ሁለት ንባብ ትቀንሳላችሁ እንጂ አትደምሩም። የጥርን ንባብና የየካቲትን ንባብ ደምሮ የሚያገኘውን ቁጥር ምን ሊያደርገው ይችላል? 3 ሰዓትና 4 ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። ስብሰባ በ3 ሰዓት፣ ቀብር በ4 ሰዓት ካለባችሁ ሁለቱን ደምሮ 7 ማለት ትርጉም የለውም። ሦስት ሰዓት ሠርታችሁ ከዚያ አራት ሰዓት ብትሠሩ ግን ሰባት ሰዓት ሠርታችኋል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው።

ነጥብ ላይ ቆይታ ሲጨመር ሌላ ነጥብ ይሆናል፤ ቧንቧ ሠራተኛዬ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከነጥብ ነጥብ ሲቀነስ ቆይታ ይወጣል። ቆይታና ቆይታ እንደ ልብ ይደመራሉ። ነጥብና ነጥብ ግን አይደመሩም።

አሁን የግድግዳውን ሰዓት አውርዱት። ጀርባውን ገልብጣችሁ የባትሪ ድንጋዩን አውጡ። አሥር ደቂቃ በስልካችሁ ቆጥራችሁ መልሱት።

ቀጭኗ ሰከንድ ቆጣሪ ወዲያው መራመድ ትጀምራለች። ፍጥነቷ እንደ ድሮው ነው፤ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩአት፣ እርምጃዋ አይዛነፍም። ሰዓቱ ግን አሥር ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል፤ እስክታስተካክሉትም ድረስ እንደቀረ ይኖራል።

ይህች ትንሽ ሙከራ የሰዓቱን ምስጢር ታወጣዋለች። ሰዓቱ የሚያውቀው ቆይታን ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነች ያውቃል። አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አያውቅም፤ ያንን የነገራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ጀርባው ላይ ያለችውን እንክብል አዙራችሁ። ከዚያ ወዲህ እናንተ በሰጣችሁት ነጥብ ላይ ቆይታ እየደመረ ነው የሚኖረው።

ቆይታን ከየት አወቀ? ውስጡ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያላት የኳርትዝ ድንጋይ አለች። ኳርትዝ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ መልሶ ይተጣጠፋል። የመጀመሪያውን ጠባይ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ስለዚህ ባትሪው ሹካዋን ሲነካካት ትርገበገባለች።

ሹካዋ የተቆረጠችው በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንድትርገበገብ ተደርጋ ነው። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። ለሁለት ክፈሉት፤ 16,384። እንደገና ለሁለት፤ 8,192። እንዲህ እያላችሁ አሥራ አምስት ጊዜ ብትከፍሉት በትክክል አንድ ላይ ትደርሳላችሁ። አጠገቧ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ለሁለት መክፈል። መጨረሻ ላይ በሰከንድ አንድ ግፊት ይወጣና ቀጭኗን ቆጣሪ አንድ እርምጃ ያራምዳታል። «ቀጭ» የምትለዋ ድምፅ ከ32,768 እርግብግቢት በኋላ የመጣች ናት።

ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አሥራ አምስቱን ክፍፍል ሥሩት። ሲያልቅ አንድ ላይ መድረሱ ልጆችን በጣም ደስ ያሰኛቸዋል።

ሰዓታችሁ የተሳሳተ ሲመስላችሁም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። ሰዓት በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ብዙ ሰው እንዳይረፍድበት ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ያስቀድማል። ያ ሰዓት ነጥቡ የተሳሳተ ነው፤ ቆይታው ግን ደህና ነው፣ እንቁላል ብትቀቅሉበት አያሳስታችሁም። የባትሪ ድንጋዩ የደከመ ሰዓት ደግሞ ቆይታው ራሱ የተበላሸ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዛሬ ማታ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩትና ልዩነቱን ጻፉ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ድገሙት። ዛሬም ነገም አምስት ደቂቃ ከሆነ እንክብሉን ማዞር ይበቃል። ዛሬ አምስት፣ ነገ ዘጠኝ ከሆነ ግን ማዞር አያድነውም፤ የባትሪ ድንጋዩን ለውጡ። ጤነኛ የኳርትዝ ሰዓት በአንድ ወር ውስጥ ቢሳሳት 15 ወይም 20 ሰከንድ ነው።

ነጥቡን የሰጠነው እኛ ነን ካልን፣ ሌላ ሰው ሌላ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ከኢትዮጵያውያን በላይ የሚያውቀው የለም።

እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ስትቆይ 1 ሰዓት እንላለን። ለአገራችን ይህ ጥሩ አቆጣጠር ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በአዲስ አበባ ረጅሙ የቀን ብርሃን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ንጋት ብዙም አይሸሽብንም። የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ሌላው ዓለም ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ስለዚህ የእኛ 3 የእነሱ 9 ነው።

ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ስቀሉ፤ አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ ሙሉ። ሽሮ ጣዱ። በእኛው 6:10 ላይ ተጥዶ 6:35 ላይ ወረደ። በእነሱው 12:10 ላይ ተጥዶ 12:35 ላይ ወረደ። ነጥቦቹ አንዳቸውም አይመሳሰሉም፤ ሽሮው ግን በሁለቱም 25 ደቂቃ ነው የበሰለው። መቁጠሪያውን ከየትም ብትጀምሩ ሲቀነስ መነሻው ይጠፋል።

በዓመትም እንዲሁ ነው። በጥር 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጥር 2017 ዓ.ም. 37 ዓመት ሞላው። በፈረንጁ ከጃንዋሪ 1988 እስከ ጃንዋሪ 2025 ብታሰሉም 37 ነው። አደጋው ያለው መቀላቀሉ ላይ ነው። ውጭ አገር ሄዶ ቅጽ ሲሞላ የትውልድ ዘመኑን በእኛ ጽፎ ዛሬን በእነሱ የቀነሰ ሰው 2025 ሲቀነስ 1980 ብሎ 45 ዓመት ይሆናል። ስምንት ዓመት በአንድ መስመር ላይ አረጀ። ሁለት የተለያየ ቆጣሪ ንባብ እንደመቀናነስ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬትም ላይ ተመልከቱት። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ሁለቱን ቁጥር ዝም ብሎ የቀነሰ ሰው በረራው ያን ያህል አጥሮ ይታየዋል፤ እግሩ ግን በመቀመጫው መካከል ታጥፎ የቆየበትን ጊዜ ያውቃል።

አሁን ስልካችሁን አንሡ። ስልክ እዚህ ነገር ላይ ከግድግዳ ሰዓት ይበልጣል፤ ሁለቱን ለየብቻ ይዟቸዋልና።

ታይመሩን 5 ደቂቃ ላይ አድርጉና አስጀምሩት። ወዲያው አላርም ከ5 ደቂቃ በኋላ ያለው ሰዓት ላይ ሙሉ። ከዚያ ወደ ማስተካከያው ግቡና ሰዓቱ በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን አጥፍታችሁ፣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሱት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

በአብዛኞቹ ስልኮች ታይመሩ በጊዜው ይጮኻል፤ አላርሙ ግን ዝም ይላል። አላርም የሚጠብቀው ነጥብ ነው፤ ነጥቡን አንድ ሰዓት አራቃችሁበት። ታይመር የሚጠብቀው ቆይታ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምን እንደተጻፈ አይመለከተውም። (ሲያበቃ ሰዓቱን መመለስ አትርሱ፤ የተሳሳተ ሰዓት ያለው ስልክ ላይ እንቢ የሚሉ አገልግሎቶች አሉ።)

ስልኩ ይህን የሚያደርገው ሁለት ቆጣሪ ስላለው ነው። አንደኛው ስልኩ ከተከፈተ ጀምሮ የሚቆጥር፣ ወደኋላ የማይመለስ ነው። ሁለተኛው ከኔትወርክ ወይም ከእናንተ ሰዓት እየተቀበለ የሚስተካከል ነው። ይህኛው በአብዛኞቹ ስልኮች ውስጥ ቀንና ወር አያውቅም፤ ከ1.7 ቢሊዮን የሚበልጥ የሰከንድ ቁጥር ነው የያዘው። የሚቆጥረውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪንዊች ሰዓት፣ ጀምሮ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። የዚያን ሌሊት ምንም ልዩ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ ቆጠራውን የሠሩት ሰዎች የሆነ ቦታ ላይ ዜሮ ማድረግ ስለነበረባቸው ነው። ማሳያው ላይ «ሐሙስ» ብሎ የሚጽፈው ያንን ቁጥር ከፋፍሎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ላንሣ። ዛሬ ማክሰኞ ነው እንበል፤ ወዳጃችሁ «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» አላችሁ። መቼ ትገናኛላችሁ? በሚቀጥለው ማክሰኞ። ሳምንት ግን ሰባት ቀን አይደለም እንዴ? ስምንት ከየት መጣ?

በጣታችሁ ቁጠሩት። ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት፣ ቅዳሜ አምስት፣ እሑድ ስድስት፣ ሰኞ ሰባት፣ ማክሰኞ ስምንት። አባቶቻችን የቆጠሩት ነጥቦቹን ነው፣ ሁለቱንም ማክሰኞ ጨምረው። «ሳምንት» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ስምንት» ጋር አንድ ሥር ነው። «የዛሬ ዐሥራ አምስት» ስንልም ሁለት ሳምንት ማለታችን ነው፤ ዐሥራ አራት ቆይታ፣ ዐሥራ አምስት ነጥብ።

መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ጣት አምስት፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት አራት። ጣት ነጥብ ነው፤ ክፍተት ቆይታ ነው። ቀን ስትቆጥሩ ግራ የምትጋቡት ጣት መቁጠር ሲገባችሁ ክፍተት፣ ወይም ክፍተት መቁጠር ሲገባችሁ ጣት ስትቆጥሩ ነው። መድኃኒት «ለሰባት ቀን፣ በየዕለቱ አንድ» ተብሎ ሲታዘዝ ሰባት ፍሬ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬ ያለው ቆይታ ግን ስድስት ቀን ነው።

ይህ ለሚቀጥለው ሙከራ ያስፈልገናል። ቁልፉን በክር እሰሩና ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንጠልጥሉት። ክሩ ከታሰረበት እስከ ቁልፉ መካከል 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በትንሹ ወደ ጎን ስባችሁ ልቀቁት።

ስልኩ ላይ ሰከንድ እያያችሁ ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ቁጠሩ። ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ዋናው ጥንቃቄ ስትለቁት «አንድ» አለማለት ነው፤ «ዜሮ» በሉ። ስትለቁት «አንድ» ካላችሁ ሠላሳ ስትሉ ቁልፉ የተመላለሰው ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ጣት ቆጥራችኋል ማለት ነው።

አሁን ክሩን አራት እጥፍ፣ አንድ ሜትር አድርጉት። አንዱ ምልልስ ሁለት ሰከንድ ይሆናል። ከበድ ያለ ቁልፍ ብትሰቅሉም አይለወጥም፤ ልኩን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት የሠራው በዚህ ጠባይ ላይ ተመርኩዞ ነው።

ሙከራውን ጠዋት ሥሩት፤ ማታም ድገሙት፤ የዛሬ ስምንትም ድገሙት። ቁልፉ ያው ነው። በሁለት ሰከንድ አንዴ ይመላለሳል፤ ሰኞ ይሁን እሑድ፣ 1980 ይሁን 2017 አያውቅም። ተፈጥሮ የጻፈችው የዜሮ ሰዓት የላትም። በሕጎቿ ውስጥ «ምን ያህል ቆየ» አለ እንጂ «በስንት ሰዓት» የለም።

ይህ እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ ይችላል። እኔ ግን በፊዚክስ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ጣሪያችሁ ላይ ባለው ሮቶ ላሳያችሁ።

የምድር ስበት ሌሊት ላላ፣ ቀን ጠበቅ የሚል ቢሆን ኖሮ እናስብ። ሌሊት ውሃው ቀላል ስለሚሆን በትንሽ መብራት ወደ ሮቶው ታወጡታላችሁ። ቀን ሲከብድ መልሳችሁ ትለቁትና ሲወርድ ትንሽ ተርባይን ታስመቱታላችሁ። ለማውጣት ከከፈላችሁት የበለጠ ኤሌክትሪክ ታገኛላችሁ። ያንኑ ውሃ በየቀኑ እያወጣችሁና እያወረዳችሁ ሠፈሩን ሁሉ ታበሩበታላችሁ።

ይህን ያገኘ ሰው የለም፤ አይገኝምም። ስበት ሰዓት ስለማያይ ሌሊት ያወጣችሁበትን ያህል ነው ቀን የምታገኙት። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንም አይጠፋም የሚለው፣ ተማሪ ሳለን የሸመደድነው ሕግ፣ ሥሩ እዚህ ነው። ይህን በሒሳብ ያረጋገጠችው ጀርመናዊቷ ኤሚ ኖተር ናት፤ በ1918 እ.ኤ.አ. አሳተመችው። ተፈጥሮ የጊዜ ነጥብ የማትለይ ከሆነች ጉልበት ተጠብቆ መኖር ግዴታው መሆኑን አሳየች። ሴት በመሆኗ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርታለች፤ ያንን ሥራዋን ያወጣችውም ደመወዝ ሳይቆረጥላት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

የሰከንድ ሕጋዊ ትርጉምም ነጥብ አይጠራም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ሰከንድ ማለት የሲዚየም 133 አቶም የሚለቀው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ቆይታ ነው። የትም፣ መቼም ቢቆጠር ያው ነው።

እስካሁን ግን አንድ ነገር ደብቄአችኋለሁ። ሁለት ነጥብ ከታወቀ በመካከላቸው ያለው ቆይታ አንድ ብቻ እንደሆነ አድርጌ ነው የተናገርኩት። አይደለም።

ከአዲስ አበባ አዳማ በአሮጌው መንገድም በፍጥነት መንገዱም ይኬዳል። ሁለት መኪናዎች ከአንድ ቦታ ተነሥተው አንድ ቦታ ቢገናኙ የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው የተለያየ ነገር ያነባል። ማንም ቆጣሪው ተበላሸ አይልም፤ መንገዱ ተለያየ እንጂ። ቆይታም እንዲህ መሆኑን አይንሽታይን ያሳየን ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሰዓት የሚቆጥረው እሱ ራሱ የተጓዘበትን መንገድ ነው። ፍጥነትም ከፍታም ቆጠራውን ይለውጠዋል።

በ1971 እ.ኤ.አ. ሄፍሊና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሲዚየም ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ፤ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ። ሲመለሱ መሬት ላይ ከቀሩት ሰዓቶች ጋር አስተያዩአቸው። ወደ ምሥራቅ የዞሩት 59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ጎድለው፣ ወደ ምዕራብ የዞሩት 273 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል በልጠው ተገኙ። የተለያዩበት ነጥብ አንድ፣ የተገናኙበት ነጥብ አንድ፤ ቆይታቸው ግን ተለያየ።

አውሮፕላንም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ጅቡቲ ወደብ ባሕሩ ዳር ነው። በስምምነት የሁለቱ ሰዓት አንድ ነው፤ እዚህ 3 ሲሆን እዚያም በእኛ አቆጣጠር ያው ሦስት ሰዓት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ያለ ሰዓት ግን ዝቅ ካለው ይፈጥናል። ቢሰላ በአንድ ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ያለው ሰዓት ጅቡቲ ካለው 22 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጭነት ሊያመጣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቅ አሥር ቀን ቆየ። ባለቤቱ ቤት ናት፤ ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ እሷ የኖረችው ቆይታ እሱ ከኖረው 220 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይረዝማል። የተሰነባበቱትም የተገናኙትም አንድ በር ላይ ነው፤ የሁለቱም ቆጠራ ልክ ነው።